ጥሩሸዋ እና የደላላው ምላስ

በቀየት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የካርድ መሳቢያዬ አልዘጋ እያለ ያስቸገረኝ በአንድ ሰው ምክንያት ነው፤ በጥርስ ክፍሏ በጥሩሸዋ። ሌላው ባለሙያ በሁለት መስመር የሚጨርሰውን እሷ ገጽ ሙሉ ትጽፋለች። ገጹ ሲሞላባት ሌላ ወረቀት ቆርጣ በሙጫ ትቀጥልበታለች። አንዳንዱ ካርድ እንደ ዳዊት ወፍሮ ነበር።

«ጥሩሸዋ፣ ይኼ ካርድ ነው ገድል?» እላታለሁ።

«ቦታ ከጠበበህ ሌላ መሳቢያ አሠራ» ትለኛለች፣ ከምትጽፈው ቀና ሳትል።

ጥርስ የሚነቅል ሰው ብዙ አይቻለሁ። አፍ ውስጥ ያየችውን ነገር፣ ነጭ ይሁን ቀይ፣ ጠጣር ይሁን ለስላሳ፣ ያላየው ሰው እንዲያየው አድርጋ የምትጽፍ ግን ከእሷ ሌላ አላውቅም።

የተወለደችው ጊሼ ውስጥ፣ ከራቤል የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነው። ወላጆቿ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ከሰባት ልጆች አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው እሷ ብቻ ነበረች። ለጥርስ ሕክምና ትምህርት መመደቧን ስትናገር እናቷን ቅር አላቸው።

«ይኼን ሁሉ ዓመት የተማርሽው የሰው አፍ ልታዪ ነው?» አሏት። «ጥርስማ እዚሁ ገበያ በጉጠት ይነቀላል።»

አባቷ ግን ስንቋን ተሸክመው እስከ መኪናው ሸኟት።

ተመርቃ መጀመሪያ የተመደበችው ወደ ቆላ፣ ከዚህ ሩቅ ወደ ሆነ ቦታ ነበር። እዚያ የደረሰባትን ለእኔ የነገረችኝ ከተዋወቅን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ የክረምት ቀን ዝናብ በር ዘግቶብን ሳለ ነው። ይዘንጋሽ የሚባሉ አንዲት እናት ከምላሳቸው ሥር አንድ ነገር ወጥቶባቸው ይመላለሱ ነበር። በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስት የተለያዩ ሰዎች አዩዋቸው። በአራተኛው ሲመጡ አንገታቸው ሥር አብጦ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ ጊዜው አልፎ ነበርና ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

«ካርዳቸውን አውጥቼ አየሁት» አለችኝ ጥሩሸዋ። «ሦስቱም ቦታ ላይ ያው አንድ ቃል ነው። ‹የአፍ ቁስል፤ መጉመጥመጫ ተሰጥቷል።› የት ጋ እንደሆነ የለ። ምን ያህል እንደሆነ የለ። ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ያደገ ይሁን የቀነሰ በምን ይወቅ?»

«አንቺ አላየሻቸውም ነበር?» አልኳት።

«ሦስተኛዋ እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ይዘንጋሽ ብዙ አላወራችም፤ እኔም ስለ ካርዶቿ ውፍረት ማሾፌን ቀነስኩ። ጨርሼ ግን አልተውኩም።

ወደ ቀየት የመጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የተሰጣት ክፍል ቀድሞ የአልጋና የብርድ ልብስ ማስቀመጫ ነበረ። መብራት አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። እሷ ግን ክፍሉን ወደደችው፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት። የአፍ ውስጥ ቀለም በአምፖል አይለይም ትላለች። ስለዚህ ቁስል ያለበትን ሰው ሁሉ የምታየው በጠዋት ፀሐይ ነበር። ጉም ከወረደ ደግሞ በሽተኞቿን ሻይ ጠጥተው እንዲመለሱ ትሰዳለች፤ የመንዝ ጉም እንደሆነ አንዳንዴ እስከ ቀትር አይነሣም።

የጥርስ ሕክምና ወንበር አልነበረንም። የከተማው አናጺ እሱባለው ከጽድ እንዲሠራልን ተነገረው። የመጀመሪያው ወንበር ጀርባው ሲለቀቅ ሰው ወደ ኋላ ይወድቅ ነበር፤ የወደቀውም ለመሞከር የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው አንገት ያሳምማል። ሦስተኛው ተሳካ፤ ራስ የሚያርፍበት በበግ ቆዳ የተሸፈነ ነገር ነበረው። ወንበሩ ካለቀ በኋላም እሱባለው «ማሳረፊያው አልላላም?» እያለ በሳምንት ሁለቴ መምጣት አበዛ። ለካ የመጣበት ጉዳይ ሌላ ኖሯል። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሚዜ ነበርኩ።

ለካርዶቿ ማኅተም የሠራላትም እሱ ነው። ጥሩሸዋ በየካርዱ ላይ የተከፈተ አፍ ትሥል ነበር፤ ምላሱን፣ ድዱን፣ ላንቃውን። ስትሥል ጊዜ ይፈጃል። እሱባለው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ በስለት ፈልፍሎ የአፍ ቅርጽ ያለው ማኅተም አወጣላት። ቀለም ነክታ ካርዱ ላይ ትመታዋለች፤ ከዚያ ቁስሉ ያለበትን በእስክሪብቶ ታጠቁራለች። አንድ ገበሬ ካርዱን አይቶ «ይቺ ሴትዮ ስማችንን ትታ አፋችንን መዘገበችው» ብሎ ስቆ ወጣ።

ስትሠራ ሁለቱም እጇ ይያዛል፤ በአንዱ መስተዋት፣ በሌላው ጨርቅ። ስለዚህ ካርድ ክፍል ሰው ሲያንስ እኔን ትጠራኛለች። «ምንተስኖት፣ ጻፍ» ትላለች፣ እጽፋለሁ። በዚህ ሁኔታ ሳልማር ብዙ ተማርኩ። ነጭ ነገር ካየች መጀመሪያ በጨርቅ ትጠርገዋለች፤ ተጠርጎ ከለቀቀ አንድ ነገር ነው፣ ካልለቀቀ ሌላ ነው። በጣቷ ትዳስሳለች። በማስመሪያ ትለካለች። አንገት ሥር ንፍፊት መኖሩን ትፈትሻለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ እንደጀመረ ትጠይቃለች። የኛ ሰው በወር ቁጥር አይመልስላትም፤ «ከኪዳነ ምሕረት በፊት ነው» «ገብሱ ሲታጨድ ነው» ይላታል። እሷም እንዳለው ታስጽፈኝና ቀኑን ከጎኑ ታሰላለች።

አንድ ጊዜ ከዞን የመጣ ቡድን ጤና ጣቢያችንን ጎበኘ። ከመካከላቸው አንድ ወጣት ሐኪም ነበረ፤ ትሑት ልጅ ነው። ለሆዷ የመጣች አንዲት ሴት ስትናገር አፏን አየና ደነገጠ። ጥሩሸዋን በቀስታ ጠራት።

«የላይኛው ድዷ በሙሉ ጠቁሯል፤ ሰማያዊ ይመስላል። አይተሽዋል? ቶሎ መላክ ያለባት ይመስለኛል» አላት።

ጥሩሸዋ ሴትየዋን ወደ መስኮቱ አዞረቻት። አየች፤ ፈገግ አለች።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለቻት።

«አሥራ አራት» አለች ሴትየዋ። «በእሾህ ወግተው ወግተው ጥላሸት ቀቡኝ። ሦስት ቀን ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። ግን አያምርም?»

«ያምራል» አለቻትና ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ንቅሳት ነው ዶክተር። የእናቴም እንደዚሁ ነው።»

ልጁ እስኪያለቅስ ሳቀ። እሷ ግን ይኼንንም ጻፈችው። «የላይ ድድ፣ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል የሆነ ጥቁር ሰማያዊ፤ ያላበጠ፣ ከልጅነት ጀምሮ ያለ፤ ንቅሳት» ብላ። ምን ያደርግልሻል ብላት «ሌላ ሰው ነገ ደግሞ እንዳይደነግጥ» አለችኝ።

አሁን ወደ ጋሽ ገብረ አማኑኤል ልምጣ።

ጋሽ ገብረ አማኑኤል የበግ ደላላ ነበሩ። የቅዳሜን ገበያ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ነው። ሻጭና ገዢ ተኳርፈው ሲለያዩ፣ ሁለቱንም እጃቸውን ይዘው፣ አስቀው፣ አስታርቀው ያጨባብጣሉ። በ1999 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት ጉንጫቸውን ይዘው መጡ።

«ይቺ ስባሪ ጥርስ ምላሴን እየላጠች አስቸገረችኝ። ንቀይልኝና ልሂድ» አሏት።

ጥሩሸዋ አስቀመጠቻቸው፤ አየች። ጥርሱ በእርግጥም ተሰብሮ ነበር። ምላሳቸውን በጨርቅ ይዛ ወደ ቀኝ ስትስበው ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል እኔ እስክሪብቶ እፈልጋለሁ።

«ጻፍ» አለችኝ። «በምላስ ግራ ጠርዝ፣ ከተሰበረው የታች መንጋጋ ትይዩ፣ አንድ ቁስል። ርዝመቱ ዘጠኝ ሚሊሜትር፣ ወርዱ ስድስት። ሞላላ ነው። መሐሉ ጎድጎድ ያለ ግራጫ፣ ዙሪያው ቀላ ብሎ ከፍ ያለ። ከአጠገቡ ነጭ አለ፤ ሲጠረግ አይለቅም። ሲዳሰስ ሥሩ ጠጠር ይላል። ሲነካ ብዙ አያምም።»

ምላሳቸውን ስትለቅላቸው ጋሽ ገብረ አማኑኤል ተቆጡ። «ልትሸጪው ነው እንዴ? እኔ እንኳ ለሙክት ይኼን ያህል አልናገርም!»

«መቼ ጀመረዎት?»

«የታኅሣሥ ገብርኤል ለት ወጡ አቃጥሎኝ ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትማ ምላስ እንዳለኝስ መቼ አስቤው አውቃለሁ!»

አንገታቸውን ዳሰሰች፤ ንፍፊት አልነበረም። ይኼንንም አስጻፈችኝ። ከዚያ ጥርሱን ነቀለችላቸው። ደሙ ቆም ካለ በኋላ ከፊታቸው ተቀምጣ እንዲህ አለቻቸው፦

«አሁን የሚልጥዎት ጥርስ የለም። ቁስሉ የመጣው ከጥርሱ ከሆነ በሁለት ሳምንት ይድናል። ካልዳነ ግን ከጥርሱ አይደለም ማለት ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ይመጣሉ። አይቀሩብኝም?»

«እንዴት ልቀር? ደላላ በቃሉ ነው የሚኖረው» ብለው ወጡ።

ሐሙስ አልመጡም። ዓርብም አልመጡም። ቅዳሜ ጠዋት ጥሩሸዋ መስተዋቷንና ማስመሪያዋን ኪሷ ከታ ካርድ ክፍል በር ላይ ቆመች።

«ካርዳቸውን ያዝና ተከተለኝ» አለችኝ።

በግ ተራ ስንደርስ ጋሽ ገብረ አማኑኤል አንድ ነጭ በግ በጉልበታቸው ይዘው፣ የታች ከንፈሩን ገልብጠው ለገዢ እያሳዩ ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» አለቻቸው።

ሲያዩዋት ትንሽ አፈሩ፤ ግን በሰው ፊት ነውና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጥርሱን ነዋ የማሳየው! አፉን ሳያይ በግ የሚገዛ የታለ?»

«ደግ። እንግዲያው የእርስዎን ደግሞ ለእኔ ያሳዩኝ።»

በግ ተራው በሳቅ ፈረሰ። ገዢው በጉን ተቀብሎ ያዘላቸውና «ይክፈቱ እንጂ! ጥርስዎን እንየው!» አለ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንቢ ማለት አልቻሉም። የጨው ጆንያ ላይ ወደ ፀሐይ ዞረው ተቀመጡና አፋቸውን ከፈቱ። ጥሩሸዋ ለካች። ዳሰሰች። ደግማ ለካች። እሷ አለመሣቋን ሲያዩ ከበው የነበሩት ሰዎች ሳቃቸውን አቆሙ።

«አሥራ ሁለት በስምንት» አለችኝ በቀስታ። ጻፍኩ።

ወደ አጥሩ ጥግ ይዛቸው ሄደች፤ እኔም ካርዱን ይዤ ተከተልኩ።

«አልዳነም ጋሼ። አድጓል።»

«ጥርሱ ተነቅሎ?»

«ጥርሱ ተነቅሎ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«በዓይን ብቻ አይቼ ስሙን ልነግርዎት አልችልም። ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ በመሣሪያ መታየት አለበት። የምፈራው ነቀርሳ እንዳይሆን ነው። ከሆነም ገና ትንሽ ነው፤ ትንሽ ሳለ ደግሞ ተቆርጦ ይወጣል። አዲስ አበባ ልልክዎት ነው።»

እሳቸው ገበያ መሐል ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምላሴን ሊቆርጡ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጥቂቱን ሊቆርጡ ይችላሉ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ የምበላው በእሷ ነው። በሬ የለኝ፣ መሬቴ ለእፍኝ ገብስ አትበቃ።»

«አውቃለሁ» አለች ጥሩሸዋ። «ባላውቅማ ገበያ ድረስ አልመጣም ነበር።»

ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ አሉ። ጸበል ልጠመቅ አሉ። እሷ አልተከራከረችም፤ ማታውን ከእሱባለው ጋር ቤታቸው ሄዳ ለባለቤታቸው ለእትዬ ገበያነሽ ካርዱን ዘርግታ ሁለቱን ልክ አሳየቻቸው። እትዬ ገበያነሽ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ትንሹንና ትልቁን ክብ አዩ። ጉዳዩን የጨረሱት እሳቸው ናቸው።

«ጸበሉን እሑድ ትጠመቃለህ» አሉ ለባላቸው። «ሰኞ መኪና ትሳፈራለህ። ምኑ ከምኑ ይጣላል?»

ጥሩሸዋ የሪፈር ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጻፈችው፤ ሁለቱን ቀድዳ ጣለች። በመጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ማኅተሙን መታች፤ አንዱ የመጀመሪያው ቀን፣ አንዱ የቅዳሜው። ከሥሩ ሁሉንም ዘረዘረች። ጥርሱ መነቀሉን፣ ቀኑን፣ ንፍፊት አለመኖሩን፣ ስንት እንዳደገ። የበሽታውን ስም ግን አልወሰነችም፤ «ነቀርሳ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ናሙና እንዲወሰድላቸው» ብላ አበቃች። እትዬ ገበያነሽ ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልለው በባላቸው ኮት ውስጥ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ሰኞ ንጋት ባልና ሚስቱ በመሐል ሜዳ ከተማ በኩል ተሳፍረው ሄዱ።

ከዚያ ሃያ ሦስት ቀን ወሬ አልነበረም። ጥሩሸዋ አውቶቡስ በደረሰ ቁጥር ወደ በር ትወጣለች። አንድ ቀን «ምናልባት በከንቱ አስደንግጫቸው ይሆናል፤ ያልሆነ ነገር ከሆነስ?» አለችኝ። «ያልሆነ ነገር ከሆነማ እሰየው ነው» አልኳት። «እሱስ ልክ ነህ» አለች፤ ግን በሩን መመልከት አልተወችም።

በሃያ አራተኛው ቀን እትዬ ገበያነሽ ብቻቸውን ከአውቶቡስ ወረዱ። ብቻቸውን ሳያቸው ክፉ ጠረጠርኩ። እሳቸው ግን ከሩቁ «ደኅና ነው! ደኅና ነው! ወንድሜ ቤት ተኝቶ ሾርባ ይጠጣል!» እያሉ መጡ። ከደረታቸው ደብዳቤ አውጥተው ለጥሩሸዋ ሰጧት።

ቆማ አነበበችው። ከዚያ በሽተኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና «ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» አለችኝ። ቀዶ ጥገና ያደረጉላቸው ሐኪም የጻፉት ነው። ናሙናው የፈራችውን ማረጋገጡን፣ ወደ አንገት አለመዛመቱን፣ ከምላሳቸው ግራ ጠርዝ ጥቂት ተቆርጦ መውጣቱን፣ የቁርጡም ዳር ንጹሕ ሆኖ መገኘቱን ይናገራል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «በሁለት ሳምንት ሦስት ሚሊሜትር ማደጉን ባትጽፊልን ኖሮ ወረፋቸው ገና ነበር። ደብዳቤሽን አንብቤ አፋቸውን ስከፍት ቁስሉን ከዚህ በፊት ያየሁት መሰለኝ። ይቺን የአፍ ቅርጽ ያላት ማኅተም ከየት አገኘሻት?»

ጥሩሸዋ ፊቷን በጋውኗ ሸፈነች። እትዬ ገበያነሽ «ምነው፣ መጥፎ ነገር አለበት እንዴ?» ብለው ደነገጡ። «የለበትም፤ ደስ ብሏት ነው» አልኳቸው። የእሱባለው ደስታ ደግሞ የባሰ ነበር። በዚያው ሳምንት ሌላ ሁለት ማኅተም ፈልፍሎ በሹፌር እጅ አዲስ አበባ ላከ፤ ማኅተሙ የደረሰው ሰው ሁሉ ያውቀው ይመስል ከዚያ በኋላ አረማመዱ ተለወጠ።

ጋሽ ገብረ አማኑኤል ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ። ከስተዋል። «ረ» እና «ለ» አፋቸው ውስጥ እየተደባለቁ አስቸግረዋቸው ነበር፤ የራሳቸውን ስም ሲጠሩ እንኳ እንደ ሕፃን ልጅ ይኮላተፉ ነበር። ጥሩሸዋ በየሦስት ወሩ እንዲመጡ ቀጠሮ ሰጠቻቸው። አሁን ማስታወስ አላስፈለገም፤ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድመው ይመጣሉ።

«ነገ ነው እኮ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

«ዛሬ ብትታይ ምን ትሆናለች?» ይሉኛል ምላሳቸውን አውጥተው።

ከሰኔ ጀምሮ ገበያ ተመለሱ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ከዳር እስከ ዳር አይሰማም። ሻጩም ገዢውም ለመስማት ጠጋ ይላል፤ ጠጋ ካለ በኋላ ደግሞ እጁን መያዝ ቀላል ነው። እትዬ ገበያነሽን ስለ ባላቸው ጤና ስጠይቃቸው «እግዚአብሔር ይመስገን። ስድስት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ጸጥ ብሎ ነበር፤ አሁን ጀምሯል» አሉኝ። መጀመሪያ ከመጡ አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ በ2004 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ጥሩሸዋ አፋቸውን አይታ፣ ዳስሳ፣ «ምንም የለም» ብላ አስጻፈችኝ። ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ እሱ ነው።

ወሬው ከተሰማ በኋላ የማንም አፍ ትንሽ ነገር ካለው ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ከአጎራባቾቹ ከማማም፣ ከጊሼም ይመጣሉ። የአብዛኛው ነገር ቀላል ነበር። ትኩስ ገንፎ ላንቃውን የላጠው፣ ጉንጩን መንከስ የለመደው፣ ሕፃኗ አፍ ላይ ነጭ ወጥቶባት የደነገጠች እናት። ጥሩሸዋ እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ አዙራ በደንብ ታይና «ይሂዱ፣ ምንም አይደለም» ትላለች። እንደዚያ ብላ የምትውልባቸው ቀናት ይበልጥ ደስ ይሏት ነበር። ሁለት ሰው ደግሞ እንደ ጋሽ ገብረ አማኑኤል ልካለች፤ አንዷ ድናለች፣ ሌላው አሁንም ክትትል ላይ ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር ቀርቦላት ነበር። ከእሱባለው ጋር አንድ ሳምንት ተማከሩበት። በኋላ «እዚያ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ሄጄ ልየው» ብላ ሄደች፤ በማግስቱ ተመለሰች። «ወደ ግድግዳ ነው» አለችና ነገሩ በዚሁ ቀረ። አሁን ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው።

እኔ ከጤና ጣቢያው ከመልቀቄ በፊት፣ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የታች ከንፈሬ ውስጥ አንድ ነገር ወጣብኝ። ቡና ሲነካው ያስጮኸኛል። ለሁለት ቀን ደበቅኋት። በሦስተኛው ቀን ስናገር አፌ ሲጣመም አየችኝና እጄን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። የሚጽፍ ሰው ስላልነበረ እያየች ቆም ብላ ራሷ ትጽፋለች፤ እንደገና ታያለች።

«ምንድን ነው? ንገሪኝ እንጂ!» አልኳት።

«አትንቀሳቀስ። ሦስት ሚሊሜትር፣ ክብ፣ ዳሩ ቀይ፣ መሐሉ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ በጣም የሚያምም።»

«የሚያምመው መጥፎ ነው?»

«የሚያምመው ጥሩ ነው። በአሥር ቀን ይድናል። በርበሬ ቀንስ፤ በጨው ውኃ ተጉመጥመጥ።»

በስምንተኛው ቀን ዳነ። በአሥረኛው ቀን ግን፣ ድኗል እያልኳት፣ ከካርድ ክፍሌ ጎትታ ወደ መስኮቱ ወስዳ ከንፈሬን ገልብጣ አየችውና መዳኑን ቀኑን ጠቅሳ ጻፈች። ካርዴን ራሴ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት፤ ሁለት ገጽ ሆኗል።